የዋጣችሁትን ግሹ

የቡሬ ሰው ስማኝ። የፍኖተ ሰላም፣ የወንበርማ፣ የጃቢ ጠህናን፣ የደንበጫ፣ የቋሪት፣ የሰከላ ሰው፣ አንተም ስማ። በቆሎህ አሸተ፣ በርበሬህ ቀላ ብዬ ላወድስህ አልመጣሁም፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለው። ዛሬ የምናገረው ሌሊት ስለምትቆፍረው ጉድጓድ ነው። አንተ ባትቆፍር ወንድምህ ይቆፍራል፤ ወንድምህም ባይሆን ጎረቤትህ ሲቆፍር አይተህ ዝም ብለሃል። ስለዚህ «እኔን አይመለከተኝም» ብለህ ገጹን አትለፍ።

ባለፈው በጋ ከላህ ወንዝ ማዶ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ አንድ እረኛ ልጅ «ጋሼ፣ ወርቅ የወጣበትን ጉድጓድ ላሳይዎት?» አለኝ። ተከተልሁት። ከማሳ መካከል ያለች፣ ማንም አርሶ የማይደፍራት፣ ቁጥቋጦ የለበሰች ጉብታ ናት። አናቷ ላይ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ዳሩ ላይ የሻማ ጉማጅ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የጥቁር ዶሮ ላባ። የወጣው አፈር በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ ከአፈሩ ጋር ሸክላ አለ፤ ከሸክላው ጋር አጥንት አለ። ወርቅ የለም። ልጁ «ወርቅ የወጣበት» ያለው ትልልቆቹ ሲሉ ሰምቶ ነው።

ጎንበስ ብዬ አንዱን ስባሪ አነሣሁ። የምጣድ ስባሪ ነው። ታችኛው ፊቱ ጥቀርሻ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ላይኛው ፊቱ ለስልሶ ያበራል። እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ ምጣድ እንዲህ የሚወዛው ከገበያ እንደመጣ አይደለም፤ ሲታሰስና ሲጋገርበት ከኖረ በኋላ ነው። አንዲት ሴት ብዙ ጊዜ አሽታዋለች። ከጎኑ የሰው የታችኛው መንጋጋ ወድቋል። ጥርሶቹ አልወለቁም፤ ግን ተበልተው ተበልተው ጠፍጣፋ ሆነዋል። በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ፣ የድንጋይ ብናኝ ያለበት እህል ዕድሜ ልኩን ያኘከ ሰው ጥርሱ እንዲህ ይሆናል። ጋጋሪና በሊታ በአንድ ጉብታ ተኝተው ነበር እንግዲህ። እረኛው መንጋጋውን በበትሩ ገለበጠና ሳቀ። በእሱ አልፈርድም፤ ያስተማረው የለም።

የምፈርደው ባንተ ነው፣ ቆፋሪው። የንስሐ አባትህ ፊት ተንበርክከህ ሰረቅሁ፣ ዋሸሁ፣ በሐሰት መሰከርሁ ትላለህ። መቃብር ቆፈርሁ ብለህ ታውቃለህ? አትልም። ያንን ሙት ከሰው አልቆጠርኸውምና። «የግራኝ ወርቅ ነው» ብለህ አልፈኸዋል። በአገራችን ፍርስራሽ ሁሉ የግራኝ፣ ያማረ ጥርብ ድንጋይ ሁሉ የፖርቱጋል፣ ምሽግ ሁሉ የጣሊያን ካዝና የተቀበረበት ነው። ጣሊያን ከቡሬ የወጣው በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ አርበኛው በዙሪያው፣ ከሱዳን የገባው የጌዴዎን ጦር በጀርባው ሆኖ። እንዲያ የሚሸሽ ጦር ነፍሱን ያወጣል እንጂ ለአንተ የልጅ ልጅ ወርቅ ቀብሮ ምልክት ሲያኖር አይውልም። ይህንን እያወቅህ ማሽን ይዞ ከከተማ ለሚመጣ ደላላ በሬህን ሸጠህ ትከፍላለህ። ማሽኑ ለዛገ ምስማር ይጮኻል። ጠንቋዩ ጥቁር ዶሮ ያዝዛል። ቀጥሎ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባል ተረት ይመጣል። በሬው ሄደ፣ ሙቱ ተረበሸ፣ አንተ ባዶ እጅህን ገባህ። ኃጢአት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ሞኝነትም ነው።

ልገሥጽህ የተነሣሁት ንጹሕ ስለሆንሁ አይደለም። የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ማሳችንን ሲያርስ ማረሻው አንድ ነገር ነክቶ ቆመ። ዙሪያውን ስንቆፍር አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ጋን ወጣ፤ ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነው። አባቴ አማተበ። አጎቴ «አትንኩት፣ ቄስ ይጠራ» አለ። እኔ ቄሱ እስኪመጣ መታገሥ አቃተኝና የመጥረቢያውን ጀርባ አሳረፍሁበት። ጋኑ ሲሰነጠቅ ያወጣው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ወርቅ አልነበረም። ከሰል የመሰለ ጥቁር ፍሬ ተንዠቅዥቆ ፈሰሰ። አባቴ በመዳፉ ጥቂት ዘግኖ አገላብጦ አየና «ገብስ ነው፤ አርሯል» አለ። ከዚያ ወደ እርሻው ተመለሰ። ገብሱን ነፋስ ወሰደው። የጋኑን ቂጥ ለውሻ ውኃ ማጠጫ፣ ክዳን የነበረውን ድንጋይ ለደጃፋችን መርገጫ አደረግነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ አንድ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሲናገር ተቀምጬ ሳዳምጥ ነው ያረረ እህል ምን እንደሆነ የገባኝ። ጥሬ እህል ይበሰብሳል፤ ያረረ ግን ሺህ ዓመትም ይቆያል። ተክል በሕይወት ሳለ ካርቦን 14 የሚባለውን ከአየር ይወስዳል፤ ከታጨደበት ቀን ጀምሮ ያ የወሰደው እየቀነሰ ይሄዳል፤ በ5,730 ዓመት እኩሌታው ያልቃል። የቀረውን የለካ ሰው ገብሱ በየትኛው ዘመን እንደታጨደ ይነግርሃል። ለዚህ አንዲት ፍሬ ትበቃለች። እኔ የበተንሁት ግማሽ ጋን ነው። ማን ዘራው? አገው ነው? ጋፋት ነው? ከሁለቱም የቀደመ ነው? ጎተራው የነደደው በጦር ነው ወይስ በምድጃ ፍንጣሪ? መልሱ መዳፋችን ላይ ነበር። ይህንን ለንስሐ አባቴ ስናገር «ይህማ ኃጢአት አይደለም ልጄ» አሉኝ። ኃጢአት ነው አባቴ። የሙት ምስክር ገድያለሁ።

መሬት ብራና ነው። ከላይ የተጻፈው የቅርብ፣ ከታች ያለው የጥንት። አጥኚው በትንሽ መጫሪያና በብሩሽ ገጽ በገጽ ይገልጣል፤ አፈሩን በወንፊት ይነፋል፤ የትኛው ስባሪ ከየትኛው ከሰል ጋር፣ ከየትኛው ወለል በታች እንደተኛ ይጽፋል። አንተ በዶማህ ስታተራምሰው ፊደሉን ከፊደል ትደባልቀዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ የዓለም ሊቅ ቢሰበሰብ አያነብበውም። የተሰረቀ በሬ ተፈልጎ ይመለሳል። የተተራመሰ አፈር አይመለስም።

ቁፋሮው ቅርንጫፍ ነው። ሥሩ ትዕቢት ነው፤ ወደ እሱ ልግባ። ጎጃሜ አባት ቆጣሪ ነው። በርስት ዘመን ሰባት ስምንት ትውልድ ቆጥሮ፣ አቅኚው አባት ዘንድ ደርሶ፣ «ድርሻዬን» ይል ነበር። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አውጥቷል። በ1960 ዓ.ም. «መሬቴን ሊለኩብኝ ነው» ብለህ ጠብመንጃ ያነሣህ ሰው ነህ። አባት በመቁጠርህ አልነቅፍህም። ግን ቆጥረህ ቆጥረህ አቅኚው ዘንድ ስትደርስ ለምን ትቆማለህ? አቅኚው ያቀናው ምድር ዱርና አውሬ ብቻ ነበር? ከእሱ በፊት እሳት ያነደደበት አልነበረም?

ነበር። በየቀኑ ስሙን ትጠራዋለህ፤ አትሰማውም እንጂ። ሜጫ ስትል፣ ይልማና ዴንሳ ስትል የኦሮሞ ጎሳ ስም እየጠራህ ነው፤ ዓባይን ተሻግረው የሰፈሩ ሰዎች ስም። ዳሞት ስትል መጀመሪያ ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ፣ በኋላ ሕዝቡም ስሙም ወደዚህ የተሻገረ የጥንት መንግሥት እየጠራህ ነው። እንጅባራና ዳንግላ ላይ ዛሬም የሚነገረው አገውኛ ካንተ አማርኛ በፊት ይህን ተራራና ወንዝ ስም አውጥቶለታል። በዓባይ ሸለቆ ያለው ሽናሻና ጉሙዝ በባሪያ ፈንጋይ ሲሳደድ የኖረ ያገርህ ሰው ነው። ጋፋትም አለ።

ጋፋት ሲባል ምናልባት ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት የደብረ ታቦሩ መንደር ትዝ ይልህ ይሆናል። ጋፋት ሕዝብ ነው፤ ቋንቋ ነው። ቋንቋው ሴማዊ ነው፤ ዝምድናው ግን ወደ ጉራጌው ወገን ያደላል እንጂ የአማርኛ ልጅ አይደለም። ሕዝቡ ከዓባይ ማዶ ወደ ጎጃም ተሻግሮ በዳሞት ኖረ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት ሲመጣ ቋንቋው ገና ይነገር ነበር፤ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ይዞ ሄደ። ያ ጽሑፍ ዛሬ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከ177 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ቮልፍ ሌስላው የተባለ ሊቅ በጎጃም ዞሮ ዞሮ ቋንቋውን የሚናገሩ 4 ሰዎች አገኘ። አራት። ከእነሱ የጻፈው ነው ለዓለም የቀረው። ቋንቋ በአንድ ሌሊት አይሞትም፤ እናት በገበያ መካከል «እንዳይስቁብህ ዝም በል» ስትል ነው የሚሞተው። የጋፋት ቃሉ ኦክስፎርድ ነው፤ አጥንቱ እዚህ ነው። አጥንቱን አንተ በዶማ ትፈነቅላለህ። «እኔ ጋፋት አይደለሁም» ትለኝ ይሆናል። በምን አወቅህ? አያትህ የቆጠሩልህ አባቶችን ነው፤ እናቶችን አልቆጠሩልህም።

ከአገር ወጣ ልበልና የባሰ ላሳይህ። በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ኢንካ የሚባል መንግሥት ነበር። ኢንካም እንዳንተ አባት ቆጣሪ ነው፤ ከማንኮ ካፓክ ጀምሮ ነገሥታቱን ይቆጥራል፤ «ከእኛ በፊት የነበረው ሕዝብ እንደ አውሬ በዋሻ የሚያድር ነበር፤ እርሻና ሽመና ያስተማርነው እኛ ነን» ይላል። እናቱ ኢንካ የሆነች ጋርሲላሶ የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ደግሞታል። አፈሩ ግን ሌላ መሰከረ። ኢንካ ገናና ሆኖ የኖረው መቶ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከእሱ በፊት ዋሪ የሚባሉት መንገድ ጠርገው እርከን ሠርተው ነበር፤ ኢንካ የሄደበት የመንገዱ ከፊል የእነሱ ነው። በቲቲካካ ሐይቅ ዳር ቲዋናኩ ድንጋይ ጠርቦ ነበር። ቺሙ፣ ቻን ቻን የሚባል ሰፊ የጭቃ ከተማ ነበራቸው፤ ኢንካ ሲያስገብራቸው አንጥረኞቻቸውን ነቅሎ ወደ ኩዝኮ ወሰደ፤ «የኢንካ ወርቅ» በተባለው ውስጥ የእነሱ እጅ አለበት። ከዚያ በፊት ሞቼ፣ ናዝካ፣ ቻቪን። ሩት ሻዲ የተባለች ፔሩአዊት የቆፈረችው ካራል ደግሞ 5,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከመሬት ሥር መሬት፣ ከአቅኚ በፊት አቅኚ።

ከዚያ ስፔኖች መጡ። ንጉሡን አታዋልፓን እ.ኤ.አ. በ1532 ካሃማርካ ላይ ያዙት፤ ለቤዛው አንድ ክፍል ሙሉ ወርቅ አስመጡ፤ በቀጣዩ ዓመት አንቀው ገደሉት፤ ዋንጫውንና ምስሉን አቅልጠው ጥፍጥፍ አደረጉት። ሞቼዎች የሠሩትን የፀሐይ ጉብታ ለመዝረፍ ዶማ አልበቃ ብሏቸው ወንዝ ጠልፈው ለቀቁበት፤ አብዛኛው ታጥቦ ሄደ። ወንዝ! ሰው ለወርቅ ሲል የሚያደርገውን ተመልከት። ግን የስፔን ብቻ እንዳይመስልህ። የቲዋናኩን ድንጋይ ለባቡር ሐዲድ የፈለጠው ከስፔኖች በኋላ የመጣ ሰው ነው። እስከ ዛሬም መቃብሩን እየማሰ ለፈረንጅ የሚሸጠው ያገሩ ልጅ ነው። «ዋኬሮ» ይሉታል፤ ዋካ ማለት ቅዱስ ስፍራ ነው፤ የቅዱሱ ስፍራ ስም ለሌባው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1987 ሲፓን በምትባል መንደር እነዚህ ቆፋሪዎች አንድ የሞቼ መቃብር ሰብረው ገቡ፤ ወርቁን በጆንያ እያወጡ ተከፋፈሉት፤ በክፍፍሉ ተጣሉ፤ ፖሊስ ደረሰባቸው። ዋልተር አልቫ የሚባል አርኪዮሎጂስት ቦታው ላይ ሰፍሮ ጠብመንጃ ይዞ እየጠበቀ መቆፈር ጀመረ። የመንደሩ ሰው ጠላው። እዚያው ጉብታ ውስጥ፣ ሌቦቹ ካልደረሱበት በኩል፣ አንድ ጌታ ከነወርቁ፣ በወርቅና በብር ከተሠራ የኦቾሎኒ ቅርጽ ሐብሉ ጋር፣ ከእሱ ጋር ከተቀበሩት ሰዎች ጋር ተገኘ። ዛሬ በላምባዬኬ ሙዚየም ተሠርቶለት ዓለም እየሄደ ያየዋል። ሌቦቹ የሰበሩት የመጀመሪያው መቃብር ግን የማን እንደነበረ በቅጡ የሚናገር የለም። ሁለቱ መቃብሮች ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ይናገራል፤ አንዱ አፉ ተይዟል።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይህ ነው። የእነዚያ ወርቅ አቅላጮች አገር ልጆች፣ ቪክቶር ፈርናንዴዝ የሚመራው የማድሪድ ቡድን፣ በጣና ዙሪያና በጎጃም ያሉትን የኢየሱሳውያን ዘመን ፍርስራሾች በብሩሽ እየጠረጉ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 በመጽሐፍ አሳትመዋል። የአቅላጩ ልጅ ተማረ። የብራና ፋቂው፣ የቅኔ ዘራፊው፣ የዋሸራ አገር ልጅ ደግሞ ዶማ ይዞ ሌሊት ይወጣል።

ሌላም አለብህ። በገበያ ቀን ሸክላ ሠሪዋ ምጣዷን አዝላ ትመጣለች። ገዢዋ ምጣዱን በጣቷ አንጓ መታ መታ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ አልተሰነጠቀም። ትከራከራለች፣ ትገዛለች፣ በማግስቱ እንጀራ ትጋግርበታለች። ሠሪዋ ወደ ገዢዋ ልጅ ቀና ስትል ግን ገዢዋ ልጁን ነጠላ ሥር ትሸሽገዋለች። «ቡዳ ናት» ይባላላ! እኔም አንገቴ ላይ ክታብ የታሰረልኝ ከእሷ ዓይን እንዲጠብቀኝ ነበር። የትኛውን አፈር ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደምታመጣ፣ ምን ፈጭታ እንደምትለውስበት፣ በምን ማገዶ ስንት ሰዓት እንደምትጠብሰው የምታውቅ እሷ ናት። አርኪዮሎጂስት ዘመንን ከዘመን፣ ሕዝብን ከሕዝብ የሚለየው በሸክላ ነው፤ ያንን ስባሪ ከጉብታው ላይ አንሥቶ «ይህ እንዴት ተሠራ?» ብሎ የሚጠይቃት የመጨረሻዋ ሊቅ እሷ ናት። ልጇ ደግሞ ስድቡን ሽሽት ከተማ ገብታ የእናቷን ሙያ ደብቃለች። ጋፋትኛ እንዴት እንደሞተ ማየት ከፈለግህ እዚያ ገበያ ውስጥ ቁም።

ወደ እናንተም ልምጣ፣ የዕቃ ቤት ቁልፍ የያዛችሁ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዝ ከመቅደላ የወሰደውን እንዲመልስ እንጮኻለን፤ መጮኻችን ትክክል ነው፤ 11 ታቦት ብሪቲሽ ሙዚየም ተዘግቶበት ይኖራል። ነገር ግን በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባን፣ ሰባት ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን የላሊበላን መስቀል፣ የሰረቀው የመቅደላው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር ነው? የተሸጠው በ25,000 ዶላር ነው፤ ቤልጅግ ደርሶ ነው በመከራ የተመለሰው። የሸጠው ከእኛ ነው፤ ከዚያ ወዲህም የብራናውን ቅጠል እየገነጠለ ለቱሪስት የሚያሳይ ከእኛ ነው። ሥዕሉን ከነግድግዳው አፍርሶ በብሎኬት የሚገነባ፣ «አሳደስነው» ብሎ ሪባን የሚቆርጥም ከእኛ ነው። ሲራክ አስፋው የሚባል ኢትዮጵያዊ ግን ከጨለቆት ቤተ ክርስቲያን የጠፋውን ዘውድ ሮተርዳም ቤቱ አግኝቶ 21 ዓመት ደብቆ ጠብቆ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለአገሩ አስረከበ። ስደተኛ ነው። ዘውዱ እጁ ላይ ነበር። ቢሸጠው ማን ያይ ነበር?

«አገር በጥይት እየተናጠ ስለ ገል ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ አወራለሁ። ዛሬ ወንድሙ በወጉ ተቀብሮ እንዲያርፍለት የማይለምን ቤት በዚህ አገር ስንት ነው? መቃብር ሲነካ ምን እንደሚያም ከመቼውም ይልቅ የምናውቀው አሁን ነው። ርቦኝ ነው የምትለኝም አንተ፣ ርኃብህን አልክድም፤ ግን ከመቃብር ያወጣኸው ነገር ያጠገበው ደላላውን ነው። ሕጉንም አላውቅም አትበል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ከልክሏል፤ ድንገት ያገኘም እንዲያሳውቅ አዝዟል። ሹሙ ይህን እያወቀ ጉድጓዱን እንዳላየ ካለፈ፣ እሱም ዶማውን አብሮ ጨብጧል።

ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይ አለ። ሁላችሁም ጠበሉን ተጠምቃችኋል። በዚያው ምንጭ ላይ አገው ከብት ይሠዋ እንደነበር ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝም ጄምስ ብሩስም ጽፈዋል፤ አንዱ ምንጭ እንኳ ሥር በሥር ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን አበው የሚተርኩትን አትረሱም። አቡነ ዘርዓ ብሩክ ሊያስሯቸው ሲመጡ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጡ። ከእስር ተፈትተው ሲመለሱ ምንጩ አፋፍ ቆመው «ግሽ፣ ዓባይ!» አሉት። ትፋ፣ መልስ ማለታቸው ነው። መጻሕፍቱ አንድ ፊደል ሳይረጥብ ወጡ። ውኃ አደራ በልቶ አያውቅም። አንተ የውኃውን ያህል አልሆንህም።

ስለዚህ እልሃለሁ፤ ግሽ! በሳጥንህ ያለውን ቅጠል፣ ከጉብታው ያወጣኸውን ዶቃ፣ ከፍርስራሹ ነቅለህ ለአጥርህ ያደረግኸውን ጥርብ ድንጋይ መልስ። የቆፈርኸውን ጉድጓድ ዛሬውኑ ሙላ፤ መንጋጋውን መጀመሪያ አስገባ፤ ክርስቲያን ይሁን አይሁን አትመራመር። ለንስሐ አባትህ «መቃብር ቆፍሬአለሁ» በል፤ ቀላል ቀኖና ቢሰጡህ ከባዱን ለምን። ሸክላ ሠሪዋን ስታገኝ ሰላም በላት፤ ልጅህን ከነጠላው ሥር አውጣው። መምህር ከሆንህ ተማሪዎችህን ጉብታው ዘንድ ውሰዳቸውና ሳይነኩ ያዩ ዘንድ አስተምራቸው።

እኔ የጋኑን ክዳን ድንጋይ ከደጃፌ ነቅዬ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወስጃለሁ፤ የተገኘበትን ማሳ በወረቀት ጽፌ፣ ጋኑን የሰበርሁት እኔ መሆኔንም ጨምሬ። አንተም አምጣ። በቀን ካፈርህ በማታ ና፤ ደጀ ሰላሙ ላይ አስቀምጠህ፣ ከየት እንዳወጣኸው የሚል ቁራጭ ወረቀት ሥሩ አድርገህ ተመለስ። ስምህን አትጻፍ፤ የቦታውን ስም ግን እንዳትረሳ።